የጥንት ሰዎች ኑሮና ቤት በቤንሻንጉል ምድር

የአንድን አገር ታሪክ ለማወቅ የሚሻ ሰው አስቀድሞ የሚመለከተው የነገሥታቱን ዜና መዋዕል ነው። ከዚያም ቀጥሎ ሐውልቱንና ቤተ መንግሥቱን፣ ቤተ ክርስቲያኑንና መስጊዱን፣ ግንቡንና ድልድዩን ይመለከታል። ይህ አካሄድ በራሱ የሚነቀፍ አይደለም፤ በድንጋይ የተሠራ ሥራ ዘመንን ተሻግሮ የሚናገር ምስክር ነውና። ነገር ግን ዜና መዋዕል ያልተጻፈለትን፣ ግንብም ያልገነባውን ሕዝብ ታሪክ እንደሌለው አድርጎ መቁጠር ታላቅ ስሕተት ነው። የሰው ልጅ በኖረበት ምድር ሁሉ ቤት ሠርቷል፤ እሳት አንድዷል፤ እህል ፈጭቷል፤ ልጅ ወልዶ አሳድጓል፤ ሙታኑንም በክብር ቀብሯል። ይህ ሁሉ ታሪክ ነው። እንዲያውም አስተውለን ብንመለከተው ከነገሥታቱ ጦርነት ይልቅ የብዙውን ሰው ዕድሜ የፈጀው ይህ የዕለት ኑሮ ነው።

ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ በአገራችን ምዕራብ ዳርቻ፣ ዓባይ ወደ ሱዳን በሚወርድበት ቆላ፣ በአሶሳና በአካባቢዋ ከጥንት ጀምሮ የኖሩት ሰዎች ቤታቸውና ኑሯቸው እንዴት እንደ ነበረ በአጭሩ ለመግለጽ አስበናል። የአውሮፓውያንን የዘመን አቆጣጠር በምንጠቅስበት ጊዜ እ.ኤ.አ. ብለን እናመለክታለን።

ነገሩ ይበልጥ እንዲብራራ አስቀድመን ከባሕር ማዶ አንድ ምሳሌ እናምጣ። በአሜሪካ ደቡብ ምዕራብ፣ ዩታ፣ ኮሎራዶ፣ አሪዞናና ኒው ሜክሲኮ የሚባሉት አራቱ ግዛቶች በሚገናኙበት ደረቅ አገር፣ አናሳዚ የተባሉ ሕዝቦች ይኖሩ ነበር። እነዚህ ሰዎች በቆሎ፣ ባቄላና ዱባ የሚዘሩ ገበሬዎች ሲሆኑ ተርኪ የሚባለውን ትልቅ ወፍም ያረቡ ነበር። ቤታቸውን የሠሩት በተጠረበ ድንጋይና በጭቃ ነው። በቻኮ ሸለቆ የሚገኘው ፑዌብሎ ቦኒቶ የተባለው ሕንፃ ፎቅ በፎቅ ላይ የተደራረበ ሲሆን ከ600 የማያንሱ ክፍሎች ነበሩት። በሜሳ ቬርዴ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ12ኛው መቶ ዘመን መጨረሻና በ13ኛው መቶ ዘመን ውስጥ ከገደሉ ወገብ ላይ፣ በዓለቱ ጥላ ሥር፣ እንደ ንብ እንጀራ የተያያዙ ቤቶችን ሠሩ። ከነዚህም መካከል ትልቁ 150 ያህል ክፍሎች አሉት። ኪቫ በሚባሉት፣ ከመሬት በታች በተቆፈሩት ክብ ክፍሎችም ሃይማኖታዊ ሥርዓታቸውን ይፈጽሙ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1276 እስከ 1299 የቆየ ድርቅ ከመጣ በኋላ ግን አገራቸውን ለቀው ወደ ደቡብና ወደ ምሥራቅ ተሰደዱ። ዘራቸው ሳይጠፋ ዛሬም ሆፒ፣ ዙኒና ሌሎችም ፑዌብሎዎች ተብለው ይኖራሉ።

ስለነዚህ ሰዎች ይህን ያህል ልናውቅ የቻልነው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው፣ ቤታቸው የድንጋይ በመሆኑና አየሩ ደረቅ በመሆኑ የጣራው እንጨት እንኳ ሳይበሰብስ መቆየቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1929 ዳግላስ የተባለው ሊቅ በግንዱ ውስጥ የሚታዩትን የዕድገት ቀለበቶች በመቁጠር እንጨቱ የተቆረጠበትን ዓመት ለይቶ ለማወቅ በቃ። ሁለተኛው ምክንያት ደግሞ አገሬው ፍርስራሹን ጠብቆ ማቆየቱ ነው። እንግዲህ ልብ ማለት የሚገባን ነገር አለ፤ እነዚያው ሰዎች ቤታቸውን በሣርና በሸንበቆ፣ ዝናብ በሚበዛበት አገር ሠርተውት ቢሆን ኖሮ፣ ጥበባቸው ሳያንስ ስማቸው ግን እስከ ዛሬ ባልተሰማ ነበር።

የቤንሻንጉል ዕድል እንደዚህ ነው። አሶሳና አካባቢዋ በዓመት ከ1000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ የምታገኝ ምድር ናት። ክረምቱ ሲገባ ሣሩ ከሰው ቁመት በላይ ይበቅላል፤ በጋ ሲሆንም እሳት ይበላዋል። ዝናብና እሳት የተረፉትንም ምስጥ ይጨርሰዋል። በዚህ ምድር ላይ የዋነኛው የቤት መሥሪያ ሽመል ወይም የቆላ ቀርከሃ ነው። የሽመል ቤት ለጥቂት ዓመታት ካገለገለ በኋላ ይታደሳል፣ ወይም ፈርሶ በሌላ ይተካል። እንግዲያውስ በዚህ አገር የጥንት ቤት ፍርስራሽ አለመታየቱ ቤት እንዳልነበረ ምስክር ሊሆን አይችልም፤ ቤቱ ከአፈር መጥቶ ወደ አፈር መመለሱን ብቻ ያስረዳል።

የሆነ ሆኖ ምድሪቱ ጨርሳ ዝም አላለችም። ከእስፓኝ አገር የመጡ የአርኪዮሎጂ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ ለጥቂት ዓመታት በአሶሳ ዙሪያ ባደረጉት ጥናት፣ ቃአባና ቤል ቁርቁሙ በተባሉት የዓለት ጥላዎች ሥር ቆፍረው የጥንት ሰዎች የሠሩባቸውን መሣሪያዎች አግኝተዋል። መሣሪያዎቹ አብዛኛዎቹ ከነጭ ባልጩት መሰል ድንጋይ፣ ይኸውም ከኳርትዝ የተፈለጡ ናቸው። ከላይኛው አፈር ውስጥ ደግሞ የሸክላ ስባሪ ተገኝቷል፤ ጌጡም በሱዳን በኩል ከሚገኘው የጥንት ሸክላ ጋር ዝምድና አለው። ከዚህ ሁለት ቁም ነገር እንረዳለን። አንደኛ፣ በዚህ ምድር ሰው ብዙ ሺህ ዓመታት ኖሯል። ሁለተኛ፣ ዛሬ የአገር ወሰን በሚባለው መስመር በወዲያና በወዲህ ያሉት ሰዎች ከጥንት ጀምሮ ይተዋወቁ ነበር። አዳኙ ዝናብ ሲይዘው ከዓለቱ ሥር ተጠግቶ እሳቱን አነደደ፤ ድንጋዩን ፈልጦ ስለት አወጣ፤ ሥጋውን ቆርጦ ለቤተ ሰቡ አካፈለ። የመጀመሪያው የቤንሻንጉል ቤት እግዚአብሔር የሠራው ቤት፣ የዓለቱ ጥላ ነበር ቢባል አያሳስትም።

ስለዚህ አገር ጥንታዊ ንግድ የሚናገር የጽሑፍ ምስክርም አለ። ኮስማስ የተባለው ግሪካዊ ነጋዴ እ.ኤ.አ. በ525 ገደማ፣ በዐፄ ካሌብ ዘመነ መንግሥት፣ ወደ አዱሊስ መጥቶ ያየውንና የሰማውን ኋላ በመጽሐፉ ውስጥ አስፍሯል። እንደ እርሱ አነጋገር የአክሱም ንጉሥ በየሁለት ዓመቱ በአገው አገር ገዥ አማካይነት ሳሱ ወደሚባለው የወርቅ አገር ሰዎች ይልክ ነበር። አብረዋቸውም ብዙ ነጋዴዎች ይጓዛሉ፤ ቁጥራቸውም ከ500 በላይ ይሆናል። የሚወስዱት በሬ፣ ጨውና ብረት ነው። ከቦታው በደረሱ ጊዜ የእሾህ አጥር አጥረው ይሰፍራሉ፤ በሬዎቹንም አርደው ሥጋውን በየብልቱ ከጨውና ከብረቱ ጋር በአጥሩ ላይ ያኖሩታል። የአገሩ ሰዎችም ታንካራስ የሚባለውን እንደ አተር ያለ እንክብል ወርቅ ይዘው ይመጡና ከወደዱት ዕቃ ላይ አስቀምጠው ወደ ኋላ ፈቀቅ ይላሉ። የዕቃው ባለቤት ቀርቦ ወርቁ በቂ መስሎ ከታየው ያነሣዋል፤ ባለወርቁም ዕቃውን ይወስዳል። በቂ ካልመሰለው ግን ወርቁን ሳይነካ ይተወዋል፤ ያን ጊዜ ባለወርቁ ወይ ይጨምራል ወይ ወርቁን አንሥቶ ይሄዳል። እንዲህ ባለ ንግድ አምስት ቀን ያህል ይቆያሉ፤ መሄዱና መመለሱም ስድስት ወር ይፈጃል። ሲመለሱ ክረምቱ እንዳይዛቸው ይቸኩላሉ፤ የዓባይ መነሻም በዚያው አካባቢ ነው ይላል።

ብዙዎች ሊቃውንት ይህ ሳሱ የተባለው አገር በቤንሻንጉልና በፋዞግሊ ወርቃም ምድር በኩል እንደ ነበረ ይገምታሉ። አክሱም ከ3ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ገደማ ጀምራ የራሷን የወርቅ ገንዘብ ታትም ነበርና፣ ወደ ወርቅ አገር የሚያደርሰው መንገድ ምን ያህል ይጠቅማት እንደ ነበር መገመት አያስቸግርም። እኛ ግን በዚህ ታሪክ ውስጥ ከወርቁ ይልቅ የሚያስደንቀን ሥርዓቱ ነው። ቋንቋ የማይግባቡ፣ አስተርጓሚም የሌላቸው ሁለት ወገኖች፣ ዳኛ ሳይቆምላቸው፣ ዕቃቸውን ሜዳ ላይ ትተው እየተራራቁ ይገበያዩ ነበር። አንዱ የሌላውን ሳይሰርቅ፣ ሌላውም አንዱን ሳያታልል የሚፈጸም ገበያ የሕግና የመተማመን ልጅ ነው። እንዲህ ያለ ሕግ ያለውን ሕዝብ ሥልጣኔ አያውቅም ማለት ከቶ አይገባም።

አሁን ወደ ቤቱ እንግባ። የክልሉ ነባር ሕዝቦች በርታ፣ ጉሙዝ፣ ሺናሻ፣ ማኦና ኮሞ ናቸው። የቤታቸው አሠራር በየወገኑ ቢለያይም የጋራ ጠባዩ ክብ መሆኑና ሽመል፣ እንጨትና ሣር የሚበዛበት መሆኑ ነው። የጉሙዝ ቤት ግድግዳው ከተጠላለፈ ሽመል ሲሆን ጣራው ሾጣጣ የሣር ክዳን ነው፤ ከቤቱ አጠገብም በእንጨት እግር ላይ የቆመ ጎተራ ይታያል። በማኦ ዘንድ ደግሞ በጥንቱ አሠራር ግድግዳውና ጣራው ሳይለያይ ከመሬት እስከ ጫፍ በአንድነት የሚወጣ፣ የንብ ቀፎ የሚመስል ጎጆ ይሠራ ነበር።

ከሁሉም ይልቅ ለታሪክ ተመራማሪ የሚጠቅመው የበርታ ጥንታዊ ቤት ነው። ይህ ቤት ወለሉ ከመሬት ጋር አይገናኝም። አስቀድሞ ድንጋዮች በክብ ይተከላሉ፤ በድንጋዮቹ ላይ እንጨትና ሽመል ተረብርቦ ወለል ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ግድግዳውና ጣራው በላዩ ይቆማል። የክረምት ጎርፍ ከሥሩ ያልፋል፤ ምስጥም እንደ ልቡ አይወጣም፤ እህሉም አይሻግትም። የኢንጂነር ትምህርት ቤት ሳይኖር ከአገሩ አየር ጋር በመታገል የተገኘ ብልሃት ነው። ቤቱ ሲፈርስ ሽመሉና ሣሩ ይጠፋል፤ የተተከሉት ድንጋዮች ግን በቦታቸው ይቀራሉ። ስለዚህ በተራሮቹ ላይ ድንጋዮች በክብ ቆመው ሲገኙ፣ ያ ቦታ የአንድ ቤተ ሰብ ምድጃ የነበረበት መሆኑን ዐዋቂ ሰው ይረዳል። የማያውቅ ግን ተራ ድንጋይ መስሎት ለግንብ መሠረት ይወስደዋል።

የዕለት ኑሯቸውም ከዚሁ ምድር ጋር የተጣጣመ ነው። እርሻቸው በዋነኛነት በበሬ ሳይሆን በእጅ መቆፈሪያ ነበር። ጫካውን መንጥረው፣ አቃጥለው፣ በአመዱ ላይ ማሽላ፣ ዳጉሳና ሰሊጥ ይዘራሉ፤ በጓሮም ዱባ፣ ቅልና ባምያ ይተክላሉ። መሬቱ ሲደክም ለዓመታት አሳርፈውት ወደ ሌላ ይሻገራሉ። አንዳንዱ ሰው ይህን ከስንፍና ይቆጥረዋል፤ ነገር ግን ማዳበሪያ በሌለበት አገር መሬት ማሳረፍ መሬትን ማክበር ነው። በክረምት መጀመሪያ አዲስ የሚያበቅለውን የሽመል ቡቃያ ቀቅለው ይበሉታል፤ የጫካ ማር ይቆርጣሉ፤ በወንዝ ዓሣ ያጠምዳሉ፤ በቀስትም ያድናሉ።

ሴቶቹ የኑሮው ምሰሶ ናቸው። ማሽላውን በወፍጮና በመጅ ይፈጫሉ፤ ገንፎውን ያገነፋሉ፤ ጠላውን ይጠምቃሉ፤ ሸክላውን ይሠራሉ። የጉሙዝ ሴት በትከሻዋ ላይ በትር አጋድማ፣ በሁለቱ ጫፍ ሸክሟን አመዛዝና ስትሄድ ያየ ሰው ይህ የሚዛን ጥበብ ከእናት ወደ ልጅ ስንት ዘመን እንደ ተላለፈ ሳያስብ አያልፍም። በበርታ አገርም ከወንዝ ዳር አፈሩን በገበታ እያጠቡ ወርቁን የሚለዩት በአብዛኛው ሴቶች ናቸው። እንግዲህ ኮስማስ የጻፈለት እንክብል ወርቅ ከማን እጅ ይመጣ እንደ ነበር መገመት ለአንባቢ እንተዋለን።

አናሳዚዎች ወደ ገደሉ ወገብ የወጡበትን ምክንያት ሊቃውንት ሲመረምሩ፣ ከጠላት መሸሸግ አንዱ እንደ ሆነ ይናገራሉ። የቤንሻንጉልም ታሪክ ከዚህ ጋር ይገናኛል። የአገሩ ስም ራሱ በላ ሻንጉል፣ የሻንጉል ዓለት ከሚለው የበርታ ቃል የመጣ ነው። ብዙዎቹ የጥንት መንደሮች በድንጋያማ ተራራ ላይ የተቆረቆሩት ተራራው ለእርሻ ስለ ተመቸ አልነበረም። ከየአቅጣጫው የሚመጣውን ባሪያ ፈንጋይ ለመከላከል ነው። በተለይም እ.ኤ.አ. በ1821 የግብፁ ገዥ የመሐመድ ዓሊ ልጅ እስማኤል ፓሻ ወርቅና ባሪያ ፍለጋ ወደ ፋዞግሊ ከዘመተ ወዲህ መከራው በረታ። በዚያ ዘመቻ ካዮ የተባለው ፈረንሳዊ ተመራማሪ አብሮ ሄዶ ያየውን ጽፏል። እ.ኤ.አ. ከ1881 ጀምሮም ሹቨር የተባለው የሆላንድ ተጓዥ በነዚሁ ተራሮች ተዘዋውሮ የሕዝቡን ኑሮ መዝግቧል። በ1890 ዓ.ም. የዳግማዊ ምኒልክ ጦር በራስ መኰንን መሪነት አገሩን ወደ ኢትዮጵያ መንግሥት አገባ፤ በ1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር በተደረገው ውልም ወሰኑ ተከልሎ በርታዎች በሁለት አገር ተከፈሉ።

እዚህ ላይ እውነቱን መሸፈን አይገባም። ባሪያ ፈንጋዩ ከውጭ ብቻ አልመጣም። ከደጋውም ወርዷል፤ ከአገሩም ባላባቶች መካከል ወገኑን የሸጠ ነበር። ባርነት በሕግ ፈጽሞ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ነው። የደጋው ሰው ለነዚህ ሁሉ ልዩ ልዩ ሕዝቦች አንድ የንቀት ስም አውጥቶ «ሻንቅላ» እያለ ሲጠራቸው ኖረ፤ እነርሱ ግን ራሳቸውን በዚህ ስም ጠርተው አያውቁም። አናሳዚ የሚለውም ስም እንደዚሁ ነው። የናቫሆ ሰዎች ያወጡት፣ ትርጉሙም የጥንት ጠላቶች ማለት ስለ ሆነ፣ የልጅ ልጆቻቸው ዛሬ ይህን ስም አይወዱትም፤ የፑዌብሎ አባቶች መባልን ይመርጣሉ። ስም ትንሽ ነገር ይመስላል። ነገር ግን ሰውን በጠላቱ አፍ መጥራት ታሪኩን ከጠላቱ አፍ መስማት ነው።

ዛሬ በቤንሻንጉል ጉሙዝ ብዙ ነገር ተለውጧል። የሣሩ ክዳን በቆርቆሮ እየተተካ ነው፤ ቆርቆሮ ከእሳትና ከምስጥ ስለሚያድን ሕዝቡ ቢመርጠው አይፈረድበትም። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. በጉባ መሠረቱ የተጣለው የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ የሚይዘው ሐይቁ የቀድሞ መንደሮችንና የእርሻ ቦታዎችን ሸፍኗል፤ በዚያ የነበሩ ቤተ ሰቦችም ወደ ሌላ ሰፍረዋል። ወርቅ ፍለጋውም ተራሮቹን እየቆፈረ ነው። ለአገር ብርሃን የሚሆን ሥራ መሠራቱ የሚያስደስት እንጂ የሚያሳዝን አይደለም። ነገር ግን ልማቱ የሚመጣበት ሕዝብ ታሪኩ ሳይመዘገብ ከውሃና ከአፈር ሥር ቢቀር፣ ለልጅ ልጆቹ ከቶ ልንከፍለው የማንችለው ዕዳ ይሆንብናል።

ይህን ለመከላከል የሚያስችል ሕግ አለን። ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992፣ ማንኛውም ሰው በማዕድን ፍለጋ፣ በሕንፃ ወይም በመንገድ ሥራ ላይ ሳለ ቅርስ ቢያገኝ ሳያበላሽ ጠብቆ ለባለሥልጣኑ እንዲያስታውቅ ያዝዛል። ሕጉ ግን የሚሠራው የሚያየው ዓይን ሲኖር ነው። በክብ የተተከለ ድንጋይ የአያት ቤት መሆኑን የማያውቅ መሐንዲስ ምን ሊያስታውቅ ይችላል?

ስለዚህ በመሥሪያ ቤት ያለን ሠራተኞች አንድ ተራራ ለሥራ ሲከለል አስቀድመን የአገሩን ሽማግሌ እንጠይቅ። መምህራን ተማሪዎቻቸው የቤቱን ክፍል፣ የወፍጮውን፣ የጎተራውንና የሸክላውን ስም ከአያቶቻቸው አፍ በየቋንቋቸው እንዲጽፉ ያድርጉ። ተማሪዎችም ይህን ሲሠሩ የትምህርት ቤት ልምምድ ብቻ የሚፈጽሙ አይምሰላቸው፤ ነገ ሌላ ሰው የማይጽፈውን መጽሐፍ እየጻፉ ናቸው። ዓለት ያለው ሕዝብ ታሪኩን በዓለት ላይ ይተዋል። ሽመልና ሣር ያለው ሕዝብ ግን ታሪኩን የሚያኖረው በሰው ልብ ውስጥ ነው፤ የሰውም ልብ ሳይጠየቅ ከሞተ ተመልሶ የሚቆፈር አይደለም።